ከእማማ ጓሮ እስከ አማዞን፦ የከሰል ታሪክ ለአፈራችን ምን ይነግረናል?

  

ባለፈው ስለ ቡና ጉንደላ ስጽፍ አንድ የወናጎ አካባቢ ገበሬ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ "ጎንድሉ ትሉናላችሁ። እሺ፣ የተጎነደለውን ግንድና የቡናውን ገለፈት ግን ምን አድርጉት ነው የምትሉት?" "ማገዶ ነዋ!" ብዬ ልመልስለት ነበር። ከዚያ ቆም ብዬ ሳስበው ጥያቄው ከማገዶ በላይ ሆነብኝ። ስለዚህ ዛሬ እንደወትሮው "ይህን አድርጉ፣ ያን ተዉ" ብቻ አልላችሁም። ታሪክ ላወራችሁ ነው። የከሰልን ታሪክ። የአሠራሩን ነገር መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ፤ ግን እባካችሁ ዘላችሁ ወደዚያ አትሂዱ። እኔ ታሪኩን ዘልዬ ወደ ሥራው በመሄዴ ምን እንደደረሰብኝ አሁን ታያላችሁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር

ከኮሌጅ ወጥቼ በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት ስለ ባዮቻር የሁለት ቀን ሥልጠና ወሰድኩ። ባዮቻር ማለት ለማገዶ ሳይሆን ለአፈር ተብሎ የሚዘጋጅ ከሰል ነው። "ውሃ ይይዛል፣ ማዳበሪያ እንዳይታጠብ ያደርጋል፣ የአፈር አሲዳማነትን ይቀንሳል" ተባልን። ጻፍን፣ አጨበጨብን፣ ተመለስን።

በምሠራበት ቀበሌ አንድ አዛውንት ገበሬ አሉ፤ አባባ ነው የምላቸው። አዲስ ነገር ለመሞከር እምቢ አይሉም። እኔም ቸኮልኩ። ከሰሉን አቃጥዬ፣ ወቅጬ፣ ለችግኝ ካዘጋጁት አፈር ጋር እኩል በእኩል ቀላቀልኩት። ሁለት መቶ ገደማ የቡና ችግኝ በዚያ አፈር ላይ ተተከለ። ወር ሳይሞላ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ክረምቱ ሲገባ ለተከላ የደረሰው ከግማሽ በታች ነበር። ለአንድ ገበሬ ይህ ማለት የአንድ ዓመት ተከላ ነው፤ ቀልድ አይደለም።

አባባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ፣ ይሄ ከሰልህ ምግባቸውን ቀማቸው መሰለኝ" ብቻ አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ባለቤታቸው እማማ የምድጃውን ጥራጊ የሚደፉበት ቦታ አለ። እዚያ የቆሙት እንሰቶች ከሌሎቹ በግልጽ ይወፍራሉ። አባባ ትንሽ ቆፈር አድርገው አፈሩን አሳዩኝ፤ ጥቁር፣ ልል፣ እርጥብ፣ የከሰል ስብርባሪ የሞላበት። "ይሄን የጀመረችው እናቴ ናት። ከእሷም በፊት ሳይኖር አይቀርም" አሉኝ።

እንግዲህ ያው ከሰል ነው። በእኔ እጅ ችግኝ አቀጨጨ፤ በእማማ እጅ እንሰት አወፈረ። ለምን? መልሱን ፍለጋ ነው ወደ ታሪኩ የገባሁት።

ከሰልና አመድ አንድ አይደሉም

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። እንጨት አየር እንደልቡ እያገኘ ሲነድ አብዛኛው ነገር በጭስና በሙቀት መልክ ይሄዳል፤ የሚቀረው አመድ ነው። አየር ከተከለከለ ግን ነገሩ ይለያል። ሙቀቱ ከ300 እስከ 700 ዲግሪ ሲደርስ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃና ጋዝ እየወጣ ካርቦኑ ይቀራል። ከሰል የምንለው ይህንን ነው። ከአምስት ኪሎ ደረቅ እንጨት በግምት አንድ ኪሎ ከሰል ይገኛል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው በቀዳዳዎቹ ላይ ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚያወጣባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ነበሩት። እንጨቱ ከሰል ሲሆን ቱቦዎቹ አይጠፉም፤ ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ጋዙ ሲወጣ ደግሞ ከእነሱ እጅግ ያነሱ፣ በዓይን የማይታዩ ሌሎች ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። ከሰል እንደ ስፖንጅ ነው የምንለው ለዚህ ነው። በደንብ የተሠራ የአንድ ግራም ባዮቻር የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ይህንኑ ከሰል በፋብሪካ እንደገና ከ800 እስከ 900 ዲግሪ አሙቀው እንፋሎት ሲያሳልፉበት ቀዳዳው የበለጠ ይበዛል። ያኔ ስሙ አክቲቬትድ ካርቦን ይባላል፤ የነቃ ከሰል ልንለው እንችላለን። የዚህ የአንድ ግራሙ ገጽ 1000 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በቀላሉ ለማሰብ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ዱቄት ውስጥ የአንድ እግር ኳስ ሜዳ ስፋት ታጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው። በዚያ ሰፊ ገጽ ላይ ቀለም፣ ሽታ፣ መርዝ፣ የማዳበሪያ ንጥረ ነገር ይለጠፋል። ውሃ ማጣሪያ ውስጥ የሚገባው ይኸው ነው።

አሁን የእኔ ጥፋት ገባችሁ? ባዶ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ብትከቱት መጀመሪያ የሚያደርገው ውሃውን መምጠጥ ነው። የእኔ ባዶ ከሰል ችግኙ ሊበላው የነበረውን ናይትሮጅን ለራሱ ያዘ፤ ያውም እኩል በእኩል ስለነበረ የአፈሩም ጠባይ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። የእማማ ከሰል ግን ከእበት፣ ከእጣቢ፣ ከእንሰት ተረፈና ከአመድ ጋር ዓመት ከዓመት የተደፋ ነው። ጠግቦ ነው አፈሩ ውስጥ የገባው።

የአማዞን ጥቁር አፈር

ይህን ነገር በዓለም ላይ ታዋቂ ያደረገው የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1542 ፍራንሲስኮ ዴ ኦሬያና የተባለ ስፔናዊ በአማዞን ወንዝ ቁልቁል ሲጓዝ አብሮት የነበረው ጋስፓር ዴ ካርቫሃል የተባለ መነኩሴ በወንዙ ዳርቻ ብዙ ሕዝብ የሰፈረባቸው ትልልቅ መንደሮች እንዳዩ ጻፈ። በኋላ የሄዱ ሰዎች ግን ያን ሕዝብ አላገኙትም። ከአውሮፓ የመጣው በሽታ ጨርሶት ነበር። ብዙዎች "ውሸት ነው፣ ያ ቀይ አፈር እንኳን ከተማ ጎጆም አይመግብም" አሉ። እውነትም የአማዞን አፈር በአብዛኛው በዝናብ የታጠበ፣ አሲዳማና ድሃ ነው።

ነገር ግን በየቦታው ቁራጭ ቁራጭ ጥቁር መሬት ተገኘ። ፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎቹ ገበሬዎች "ቴራ ፕሬታ" ይሉታል፤ ጥቁር አፈር ማለት ነው። ሆላንዳዊው የአፈር ሊቅ ዊም ሶምብሩክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ አማዞን አፈር ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ አፈር በሰፊው ጻፈ። ሲመረመር በውስጡ የተገኘው ከሰል፣ የዓሣና የእንስሳት አጥንት፣ የሸክላ ስብርባሪና የቤት ጥራጊ ነው። አንዳንዱ ከ2000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሠሪዎቹ ካለቁ መቶ ዓመታት አልፈው ሳለ አፈሩ ዛሬም ያበቅላል።

ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር አለ፦ እነዚያ ሰዎች አፈሩን አስበው ነው የሠሩት ወይስ ጥራጊ ሲደፉ እንዲሁ ተፈጠረ? እኔ ይህን ሳነብ የእማማ ጓሮ ነው ትዝ ያለኝ። መጀመሪያ ጥራጊ ነበር ይሆናል። "እዚህ የበቀለው ይወፍራል" ብሎ ያስተዋለ ሰው ከተገኘ በኋላ ግን ጥራጊነቱ ቀርቶ ዕውቀት ሆኗል።

ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት በላይቤሪያና በጋና መንደሮች ተመሳሳይ ጥቁር አፈር መኖሩ ተገልጿል፤ ጥናቱን ከመሩት አንዱ ኢትዮጵያዊው የአፈር ተመራማሪ ዳዊት ሰሎሞን ነው። እዚያም ከሰሉን፣ አመዱንና የማድ ቤቱን ተረፈ ምርት በመድፋት አፈሩን በመሥራት ረገድ የሴቶች ድርሻ ትልቅ ነው።

የእኛ አገር ከሰል

በአገራችን ከሰል ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ግን በአብዛኛው የእሳት እንጂ የአፈር አይደለም። ቀጥቃጩ ብረት ያቀለጠበት በከሰል ነው። ማረሻው፣ መጥረቢያው፣ ጦሩ ሁሉ ከከሰል እሳት ወጥቷል። ለባሩድም ከሰል አስፈላጊ ነው። ያን ሁሉ የሠራው ባለሙያ ግን "ቀጥቃጭ" እየተባለ ሲናቅ ኖረ። ይህ የሚያሳዝን ታሪካችን ነው።

ቀጥሎ ከተማ መጣ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አለቀ። ዐፄ ምኒልክ ከተማዋን ሊለቁ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ባሕር ዛፍ ገብቶ ከተማዋ ባለችበት ቆየች። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ከሰል ዛፍ ሊጨርስ ይችላል። ያውም በአፈር ክምር በባህላዊ መንገድ ሲከሰል ከእንጨቱ ክብደት አብዛኛው በጭስ ይባክናል።

ስለ አፈር ካነሳን በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ገብስ አምራቾች የነበራቸውን ልማድ ማንሳት ይገባል። አፈሩን ከእበትና ከሣር ጋር እየከመሩ ያጋዩት ነበር። በተጋየው መሬት ላይ ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት በደንብ ይበቅላል፤ ፎስፈረሱና ፖታሽየሙ ተለቅቋልና። ከዚያ ግን መሬቱ ይደክምና ለብዙ ዓመት ጦም ማደር አለበት። ምክንያቱም እሳቱ የአፈሩን ብስባሽና ናይትሮጅን አብሮ በልቶታል።

ልብ በሉ፦ አፈርን ማጋየትና ለአፈር ከሰል ማዘጋጀት የሚመሳሰሉ ይመስላሉ እንጂ ተቃራኒ ናቸው። በመጀመሪያው የአፈርን ሀብት እናቃጥላለን። በሁለተኛው ሊቃጠል ወይም ሊበሰብስ የነበረውን ነገር በማይበሰብስ መልክ ወደ አፈር እንመልሳለን።

ከመድኃኒት ቤት እስከ ጦር ሜዳ

የነቃው ከሰል ታሪክ ደግሞ በሌላ በኩል ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1785 በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ቶቢያስ ሎቪትዝ የሚባል የመድኃኒት ቀማሚ የደፈረሰ ፈሳሽ ከከሰል ጋር ሲነካካ ቀለሙ እንደሚጠራ አስተዋለ። ብዙም ሳይቆይ የአውሮፓ ስኳር ፋብሪካዎች ቡናማውን ስኳር በከሰል፣ በኋላም በአጥንት ከሰል ያነጡት ጀመር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ራፋኤል ፎን ኦስትሬይኮ የተባለ ሰው ከሰልን በእንፋሎትና በኬሚካል የማንቃት ዘዴን በስሙ አስመዘገበ።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በተባለ ቦታ ክሎሪን ጋዝ ለቀቁ። በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ኬሚስት ኒኮላይ ዜሊንስኪ በነቃ ከሰል የሚሠራ የጋዝ ጭምብል ሠራ። የኮኮናት ቅርፊት ጥሩ ከሰል ይወጣዋል ተባለ። አሜሪካኖች ኮኮናቱ ስላነሳቸው ሕፃናት ሳይቀሩ የኮክ ፍሬ ጠጠር እንዲለቅሙ አደረጉ። አስቡት፣ ተበልቶ የሚጣል ጠጠር የወታደር ሳንባ ጠባቂ ሆነ!

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካናል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቫ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን ስምምነት ፈርማ ነበር። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በወገኖቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነበች። በደቡቡም ግንባር፣ የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው በመሩት ጦር በኩል፣ መከራው ደርሷል። አብዛኛው ተዋጊ ጭምብል አልነበረውም፤ ባዶ እግሩን ነበር። ጭምብል ቢኖርም ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን ስለሚያቃጥል ብቻውን አያድንም ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉት ይህንኑ ግፍ ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለሳንባ ጠባቂ የሆነውን ከሰል ሌሎች ከኮኮናት ቅርፊትና ከኮክ ጠጠር ሲሠሩ፣ እኛ ግን ዛሬም ድረስ የቡና ገለፈታችንን በየወንዙ እንጥላለን። ከቡና ገለፈት የነቃ ከሰል እንደሚወጣ በብራዚልም በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ተሞክሮ ታይቷል፤ ከፋብሪካ ፍሳሽ ቀለምና ክሮሚየም ይይዛል። አሁን አሁን ደግሞ ከእንዲህ ዓይነት ተረፈ ምርት የሚሠራ ካርቦን ለሶዲየም ባትሪና ኤሌክትሪክን ቶሎ ለሚያጠራቅሙ ዕቃዎች በዓለም ላይ እየተጠና ነው። እሱ የፋብሪካና የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የእኛ የጉድጓድ ከሰል ግን የዚያው ዘር ነው።

ጅማ፣ አጥንትና የስምጥ ሸለቆ ውሃ

በኢትዮጵያ የባዮቻር ጥናት ጎልቶ ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ጅማ ነው። አፈራቸው እንደ እኛው ቀይና አሲዳማ ነው፤ ቡናቸውም ያው ነው። ተመራማሪዎቹ የቡና ገለፈትና የበቆሎ ቆረቆንዳን በ350 እና በ500 ዲግሪ አክስለው ከአሲዳማ አፈር ጋር ሞክረውታል። የአፈሩ ፒኤች ከፍ አለ፤ ማለትም አሲዱ ቀነሰ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 ከመቶ ገደማው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው ይባላል። አፈር አሲዳማ ሲሆን ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ይጣበቅና ማዳበሪያ ብትጨምሩም ተክሉ አያገኘውም።

ሌላው የአጥንት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር ጂኦሳይንስ በተባለ መጽሔት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ በየዓመቱ የሚጣለው የከብት አጥንት ተከስሎ ቢፈጭ ከአገሪቱ ዓመታዊ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ከ28 እስከ 58 ከመቶ ሊተካ እንደሚችል ገምቷል። በየሉካንዳ ቤቱ ጀርባ ውሻ የሚጣላበት አጥንት ማለት ነው! ማዳበሪያ በስንት ወረፋና በስንት ብር እንደምታገኙ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ይኸው የአጥንት ከሰል ውሃም ያጣራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጥርስ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ያጣምማል። በኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ አንዳንድ መንደሮች በአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ተተክሏል። ልብ በሉ፣ ፍሎራይዱን የሚይዘው በአጥንቱ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ነው፤ ተራ የእንጨት ከሰል ይህን አይሠራም። ስለዚህ "ከሰል ውሃ ያጣራል ተብሏል" ብላችሁ ከምድጃ ያወጣችሁትን ከሰል የመጠጥ ውሃ ውስጥ እንዳትጨምሩ። የመጠጥ ውሃ ያው መፍላት ወይም በውሃ አጋር መታከም አለበት።

ወደ ጌዴኦ እንመለስ

አሁን ወደ ቤታችን። ከዲላ ወጥታችሁ ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋጨፌ፣ ወደ ኮቸሬ ስትሄዱ የምታዩት ነገር በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሾላው፤ ከሥሩ እንሰቱ፤ ከእንሰቱ ጋር ቡናው። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ርዕሱ ራሱ "የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ይህን ያህል ሕዝብ በዚህ ተዳፋት መሬት ላይ ለምን ያህል ዘመን ሊኖር ቻለ? ከመሬቱ የወጣው ወደ መሬቱ ስለሚመለስ ነው። የረገፈው ቅጠል እዚያው ይበሰብሳል። የተቆረጠው የእንሰት ቅጠል እዚያው ይነጠፋል። የማድ ቤቱ ጥራጊ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። በሬ ሳይጠመድ፣ መሬቱ ሳይታረስ አፈሩ ተሸፍኖ ይኖራል።

ይህ ዑደት ግን የሚፈስበት ቀዳዳ አለው፤ ቡናው። ቡና ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ገለፈቱም አብሮ ይሄዳል። ከ100 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና የሚወጣው ንጹህ ቡና ከ16 እስከ 18 ኪሎ ገደማ ነው። የቀረው ልጣጭ፣ ሙጫና ውሃ ነው። በእሸት ቡና ማጠቢያዎች ዙሪያ ያ ሁሉ ሲከመር፣ ሲሸት፣ ፍሳሹ ወንዝ ሲገባ ታውቃላችሁ። በማጠቢያ ወቅት ከታች ያለ ሰው ወንዙን አይጠጣም፣ ከብትም አያጠጣበትም። ከእናንተ ማሳ የወጣው ፖታሽየምም አብሮ ወደ ወንዙ ይሄዳል። የደረቀው ቡና ገለፈትም በመቀሸሪያው ግቢ ተከምሮ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ጉንደላው ነው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ብዙ ግንድ ይወጣል። ግንዱ ሁሉ ወደ ዲላ ገበያ በከሰልነት ከሄደ መሬቱ ምንም አይመለስለትም።

አሁን ለጠየቀኝ ገበሬ መልስ አለኝ። ወፍራሙን ለማገዶህ ተጠቀምበት፤ ማንም ማገዶህን አይከለክልህም። ቀጫጭኑን ቅርንጫፍና ደረቁን ገለፈት ግን ለአፈርህ ከሰል አድርገው። እርጥቡን ልጣጭ ኮምፖስት አድርገው፤ እሱን ለማድረቅ መድከም አያዋጣም።

እዚህ ላይ ግን ጠንከር ብዬ የምናገረው ነገር አለ። ለባዮቻር ተብሎ አንድም የጥላ ዛፍ አይቆረጥም። አንድም! የረገፈው ቅጠልም ተጠራርጎ ወደ እሳት አይገባም፤ እሱ የአፈሩ ልብስ ነው። "ባዮቻር ጥሩ ነው" ተብሎ ዋንዛ ከተቆረጠ፣ እናቶቻችን በጥራጊ የሠሩትን እኛ በሥልጠና አፈረስነው ማለት ነው።

አሠራሩ በአጭሩ

ዛሬ በብዙ አገር ገበሬዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ጉድጓድ ነው። በርሜል አያስፈልግም።

አንደኛ፣ ተረፈ ምርቱን በደንብ አድርቁት። እርጥብ ነገር ጭስ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛ፣ አፉ ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚሰፋ፣ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። ከቤት፣ ከእንሰትና ከሣር ክምር ይራቅ። ነፋስ ባለበት ቀን አይሁን።

ሦስተኛ፣ ከታች በቀጫጭን እንጨት እሳት ለኩሱ። ፍሙ ላይ ነጭ አመድ መታየት ሲጀምር ሌላ ድርብርብ ጨምሩበት። ከላይ ያለው ነበልባል ጭሱንም ያቃጥላል፣ አየሩንም እየበላ ከሥር ያለውን ፍም ከመንደድ ይጠብቀዋል። ገለፈቱን በአንድ ጊዜ አትድፉት፤ እሳቱን ያፍነዋል። በቅርንጫፍ መሀል በስሱ በትኑት።

አራተኛ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ በውሃ አጥፉት፤ ውሃ ካነሰ በአፈር ድፈኑት። ጠፋ ብላችሁ አትመኑ። የተደበቀ ፍም በማግስቱ ሊነሳ ይችላል። እጃችሁን አስገብታችሁ ሲቀዘቅዝ ብቻ አውጡት።

አምስተኛ፣ እርጥብ እንዳለ ውቀጡት፤ ደረቅ ዱቄቱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። መጠኑ እንደ ሽንብራ ፍሬ ቢሆን ይበቃል።

ስድስተኛ፣ እኔ የሳትኩት ይህን ነው። አብሉት! እኩል ከሚሆን ኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ በእበት ውሃ ወይም በከብት ሽንት አርሱት፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ተሸፍኖ ይቆይ።

ሰባተኛ፣ በትንሹ ጀምሩ። ለችግኝ አፈር ከአሥር እጅ አንድ እጅ አይበልጥ። ለቆመ ቡና ወይም እንሰት ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ በዙሪያው አንድ ሁለት ጣሳ በአፈር አልብሱ። አንድ ረድፍ ደግሞ ሳትነኩ ተዉ። ልዩነት መኖር አለመኖሩን የሚነግራችሁ ያ ረድፍ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ፕላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ እንጨትና ቆሻሻ ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ። አፈራችሁ በጣም አሲዳማ ከሆነ ደግሞ ባዮቻር ኖራን አይተካም፤ አስመርምራችሁ ኖራ ጨምሩ። ማዳበሪያንም አያስቀርም፤ የሰጣችሁት እንዳይታጠብ ግን ያግዛል።

አባባስ?

ከዚያ በኋላ በአባባ ማሳ አጠገብ ሳልፍ አቀርቅሬ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ከሰል አላነሳሁባቸውም። በዓመቱ ራሳቸው ጠሩኝ። "ያንን ነገር አሁን አበላኸው?" አሉ። "አብልቼዋለሁ አባባ" አልኩ። "እንግዲያው አሥር ችግኝ እሰጥሃለሁ። ሁለት መቶ ግን አልሰጥህም" ብለው ሳቁ።

አሥሩ አልጠወለጉም። ከሌሎቹ ጋር አብረው አደጉ፤ ሲተከሉ ሥራቸው ጠገግ ያለ ነበር። በአሥር ችግኝ ትልቅ ወሬ አላወራም። በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ሰጡኝ። አሁን ከችግኝ ማፍያው አጠገብ አንድ የባዮቻር ጉድጓድ አለ፤ የቆፈሩት እሳቸው ናቸው።

እማማ ግን እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። "እኛ ስንደፋው የኖርነውን ኮሌጅ ሄደህ ተምረህ መጣህ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

እስቲ እናንተም ወደ ቤት ስትገቡ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ፦ የምድጃው ጥራጊ የት ነበር የሚደፋው? እዚያስ ምን ይበቅል ነበር? ቦታውን ቆፍራችሁ አፈሩን እዩት፤ ያያችሁትን ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ኮምፖስት ስንጨዋወት ከዚያ እንጀምራለን።

ሰላም ቆዩ፣ ምርቱን ያብዛላችሁ።